ትልቁን ውሰድ

ፉጨቱ ቀድሞ መጣ። ቀጭን ፉጨት ነው፤ የፊት ጥርሱ ክፍተት ያለው ሰው ውሻውን ሲጠራ የሚያወጣው ዓይነት። ከባቡር ሀዲዱ ማዶ ተነሳ፤ እየወፈረ፣ እየቀረበ መጣና ማእዘኑ ላይ ሲደርስ "ፍስስስ" ብሎ ተነፈሰ። ጃሮድ ጓሮው ውስጥ የሣር ማጨጃውን ምላጭ እየሞረደ ነበር። ቀና አላለም። የማን መኪና እንደሆነ ለመለየት ጆሮው ይበቃዋል። የኢዋን ፋልከን ናት። ፉጨቷ ደግሞ ጤነኛ ነው፤ ከሱ መኪና ፉጨት የጠራ ነው። 

የጋርዝ ቀን ሊደርስ ሁለት ቅዳሜ ነው የቀረው።

ጋርዝ ድሮ እዚሁ ጂሎንግ ከተማ ሞተር ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ አንገቱ ትከሻው ውስጥ የገባ ሰው ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ኮሪዮ ሰፈር ካለው ቤቱ ጀርባ ትልቅ የቆርቆሮ ሼድ ሠራና የጉልበት መለኪያ ማሽን ተከለበት። መኪናዋ ሁለት ጥቅል ብረቶች ላይ ትወጣለች፣ በሰንሰለት ትታሰራለች፣ ጎማዋ ባለችበት ይሽከረከራል፣ ጉልበቷ ስክሪን ላይ ይታያል። በዓመት አንዴ፣ የካቲት ላይ፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ቅዳሜ፣ ተርቦ የሚያፏጭበት መኪና ያለው የሰፈሩ ሰው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ መኪና ሦስት ጊዜ ይጋልባል። የሚቆጠረው ሦስተኛው ነው። "ሳይሞቅማ የአያቴም መኪና ትሮጣለች" ይላል ጋርዝ።

መጨረሻ የወጣው ሰው ሜዳሊያ ይጠለቅለታል። ሜዳሊያው ከአሮጌ ሽንት ቤት ከነክዳኑ የተነቀለ የፕላስቲክ መቀመጫ ነው። አንገቱ ላይ አድርጎ እስኪመሽ ቋሊማ ይጠብሳል፣ ለሁሉም ያድላል፣ ቢራ ያቀርባል። ይሄስ የአንድ ቀን ነው፤ ያልፋል። የማያልፈው ስሙ ነው። ዓመቱን ሙሉ "ክዳን" ይባላል። ነዳጅ ማደያ ሲቆም "ክዳን! እንዴት ነህ?" የሰው ሠርግ ላይ "ክዳንም መጥቷል እኮ!" ይሉታል።

ጃሮድ ሁለት ዓመት በተከታታይ ክዳን ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ሆኖ ሽንኩርት ሲያገላብጥ ፎቶ ያነሳችው የገዛ ፍቅረኛው ታምሲን ናት። እንባዋ እስኪወርድ ነበር የሳቀችው። ፎቶው እስከዛሬ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ስትናደድ "ክዳን" ትለዋለች፤ ስታቆላምጠውም "ክዳኔ" ትለዋለች። ጃሮድ ሁለቱንም ፈገግ ብሎ ይቀበላል። ለብቻው ሲሆን ግን ከፍሪጁ ወተት ለማውጣት ፊቱን አዙሮ ነው የሚከፍተው።

ዓመቱን ሙሉ ሲያነብ፣ ሲጠይቅ፣ ሲሞክር ነው የከረመው። ተርቦ የሚባለው፣ ያ የሚያፏጨው መሣሪያ፣ አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል፤ የተጨመቀ አየር ይግላል፤ የጋለ አየር ጉልበት ይገድላል። ኢንተርኩለር የሚባለው መኪናዋ አፍንጫ ውስጥ የሚቀመጠው የአሉሚኒየም ሳጥን ሥራው ያንን አየር ማብረድ ነው። ሁሉም ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፤ ትልቅ ከሆነ የተሻለ ይመስለዋል። ከመጠን በላይ የወፈረው ግን ከኋላው ያለውን ራዲያተር ነፋስ ይከለክለዋል፤ ሞተሩ በገዛ ላቡ ይቀቀላል። ጃሮድ ይህን ካወቀ በኋላ ልከኛውን መርጦ አስገባ። የሱ መኪና ግን አሮጌ ናት፤ ጉልበቷ እዚያው ጋ ነው የቆመው። ሰማያዊ የሚሉት ጓደኛቸውም፣ ሌሎቹም ከሱ በላይ ናቸው። ከሱ በታች ሊወርድ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ኢዋን ነው። ገና በዓል ሰሞን ጋርዝ ለጨዋታ ብሎ የኢዋንን መኪና ማሽኑ ላይ ሲያወጣት ግን ፋብሪካው የገጠመላትን ኢንተርኩለር እንደያዘች ከጃሮድ መኪና በለጠች።

የዚያን ዕለት ጃሮድ ሲያጨበጭብ መዳፉ ቀዝቅዞ ነበር።

"ጃሮድ፣ ወንድሜ! ሥራ አስፈታሁህ?" አለ ኢዋን በአጥሩ በር ጭንቅላቱን አስገብቶ። ባለፈው ክረምት ከታዝማኒያ ደሴት የመጣ፣ ረጅም፣ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው የማያውቅ ልጅ ነው። በበረዶ የደረቀ ዶሮ የሚከማችበት መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ የሚኖረው የአንዲት ባልቴት ጓሮ በቆመ፣ ካራቫን በሚሉት ተጎታች ቤት ውስጥ ነው።

"የለም፣ ግባ።"

"አንድ ነገር ምረጥልኝ ብዬ ነው። እዚያ ሼዱ ጋ ብጠይቅ ይስቁብኛል።"

እውነቱን ነው። ኢዋን ሼዱ ውስጥ እግሩን ካስገባ ጀምሮ የታዝማኒያ ቀልድ አላለቀም፤ ደሴተኞቹ ዘመድ ከዘመድ ተጋብተው ባለሁለት ጭንቅላት ልጅ ይወልዳሉ የሚባል የቆየ ፌዝ ነው። "ሌላኛውን ጭንቅላትህን ዛሬ ቤት ትተኸው መጣህ?" ይሉታል። "እናትህና አክስትህ አንድ ሰው ናቸው አሉ!" ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ያልቀለደበት ጃሮድ ብቻ ነው። ጃሮድ አፉን የዘጋው የሱ ተራ ተመልሶ እንዳይመጣ ፈርቶ ነው፤ ኢዋን ግን ደግነት መሰለውና በልቡ አስቀመጠው።

ስልኩን አውጥቶ ሦስት ኢንተርኩለር አሳየው። "እኔ ይሄ የመጀመሪያው ይበቃኛል ባይ ነኝ። ምንም ሳይቆረጥ ይገባል። ከፋብሪካው ትንሽ ወፈር ያለ ነው።"

ጃሮድ ስልኩን ተቀብሎ አየው። ልጁ ማንንም ሳይጠይቅ ልክ አግኝቷል። ራሱ ያስገባው ዓይነት ነው። ይሄ ነገር እዚያች መኪና ውስጥ ከገባ ጨዋታው አለቀ፤ ለሦስተኛ ዓመት ክዳን ማን እንደሚሆን የታወቀ ነው።

"ትንሽ ነው" አለ።

"ትንሽ ነው እንዴ?"

"ከፊት እንኳ አይታይም።"

"መታየት አለበት?"

"ጋርዝ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ጎንበስ ብሎ አፍንጫዋ ውስጥ ያያል። ባዶ ከሆነ ገና ሳትታሰር ይስቅብሃል።"

ኢዋን ከንፈሩን ነከሰ። ጣቱ ሦስተኛው ላይ ሄደ፤ ያ የጭነት መኪና ራዲያተር የሚያክል የሚያብለጨልጭ ግንድ ነው። "ይሄኛውስ? ግን ራዲያተሩ ፊት ተገትሮ ነፋስ አይዘጋበትም?"

የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ጃሮድ የሞረደውን ምላጭ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገው።

"የፈሪ ወሬ ነው እሱ። ነፋሱ እንደልቡ ያልፋል።"

"አንተ ካልክማ።"

"እኔ ነኝ ያልኩህ። ትልቁን ውሰድ።"

"የፊቱ ብረት ካልተቆረጠ ግን አይገባም መሰለኝ።"

"እቆርጥልሃለሁ። ብረት የሚቆርጥ ግራይንደር አለኝ።"

ኢዋን ፊቱ በራ። የሚያደርገው ጠፍቶት የጃሮድን ትከሻ መታ መታ አደረገና ሄደ። ፉጨቱ ሀዲዱን ተሻግሮ እስኪጠፋ ጃሮድ ካለበት አልተነሳም።

የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነበር። ታምሲን እጇን በፎጣ እያደረቀች ብቅ አለች።

"ስማ፣ ያ ትልቁ ነገር… 'ሞተር ይቀቅላል' ስትል የከረምከው እሱ አይደለም እንዴ?"

"ቀስ በይ።"

"አይደለም ወይ?"

"ነው። ሞተሩን ይቀቅልለታል።"

ታምሲን ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ቀጥላ ያንን ፎቶ ስታነሳ የሳቀችውን ሳቅ ሳቀች፤ አሁን ግን ሳቁ ሌላ ሰው ላይ ነበር። "ወይ ክዳኔ! ለካ እንዲህ ያለ ተንኮል ትችላለህ!" በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ጆሮውን ሳብ አደረገችው። ጃሮድ ከሷ እንዲህ ያለ ዓይን ካየ ቆይቷል። ደስ አለው። ደስ ስላለው ደግሞ ትንሽ አፈረ፤ ማፈሩ ግን ምሳ ሳይደርስ ለቀቀው።

ኢዋን ያዘዘው ሳጥን መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ካራቫኑ አጠገብ የመኪናዋን ፊት ፈቱት። ከፕላስቲኩ ሥር፣ ሰው ሲጋጭ ነፍሱን የሚያተርፈው ወፍራም የብረት አግዳሚ አለ። አዲሱን ግንድ ለማስገባት እሱ መሄድ አለበት። ኢዋን አግዳሚውን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘ። ጃሮድ የዓይን መከለያውን አጥልቆ ግራይንደሩን አስነሳ።

"ቆይ ቆይ" አለ ኢዋን።

ጃሮድ አጠፋው። "ምነው?"

"ምንም። ላመሰግንህ ፈልጌ ነው። እንዲህ ሲጮህ አትሰማኝም።" ወደ መሬት አየ። "እዚያ ታዝማኒያ፣ ሎንሰስተን እያለሁ ቅዳሜውን ትቶልኝ አብሮኝ የሚውል ሰው አልነበረኝም። እዚህም አይኖርም ብዬ ነበር። መኪናዋን የገዛኋትም፣ እውነቱን ልንገርህና፣ ሰው አይቶ እንዲያናግረኝ ነው።"

ብረቱ ገና አልተነካም። ጃሮድ "ተወው፣ መልሰን ትንሹን እናዝዝ" ቢል አንድ ሳጥን መልሶ ከመላክ በቀር ሌላ ጉዳት አልነበረውም። ሊለው የዓይን መከለያውን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። ከዚያ ፍሪጁ ትዝ አለው።

"ጠበቅ አድርገህ ያዝ" አለና አስነሳው። የእሳት ፍንጣሪው የኢዋን ክንድ ላይ ዘነበ። ልጁ አልለቀቀም፤ ፊቱን ብቻ አዞረ።

በጋርዝ ቀን የሰሜን ነፋስ ተነሳ። ከበረሃው የሚመጣ፣ ዓይን የሚያደርቅ ነፋስ ነው፤ የከተማውን የነዳጅ ማጣሪያ ሽታ ይዞ ይገባል። የሼዱ ቆርቆሮ ሲነኩት ያቃጥላል። ሰማያዊ ደግሞ ሸሚዙን አውልቆ በረዶ የሞላ ማቀዝቀዣ ላይ ተቀምጧል። ጸጉሩ ካሮት የመሰለ ቀይ ስለሆነ፣ በተቃራኒው ለመቀለድ ነው ሰማያዊ የሚሉት። ታምሲን እግሯን ዘርግታ ጥላ ሥር ናት።

የኢዋን መኪና ስትገባ ጋርዝ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለ፤ አፍንጫዋ ውስጥ አየ።

"በእናትህ! ይሄ ምንድን ነው? የአውቶቡስ ነው እንዴ?"

"የሚስቱ አልጋ ነው" አለ ሰማያዊ።

"ሚስት የለውም" አለ ጋርዝ።

"እኅቱን ጠይቃት ታዲያ!"

ሼዱ በሳቅ ተናጋ። ኢዋንም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ጃሮድን ፈለገ። ጃሮድ ራሱን ነቀነቀለት፤ አይዞህ እንደማለት።

ጃሮድ ቀድሞ ጋልቧል። ሦስተኛው ላይ ሁለት መቶ ዘጠና ጉልበት አወጣ፤ ከሁሉም ያነሰ ነው። የቀረው አንድ መኪና ብቻ ነበር።

እዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። ጋርዝ ራሱ መሪ ይይዛል፤ ጆሮውን በቡሽ ስለሚደፍን ምንም አይሰማም፣ በመስታወቱ ገልመጥ ከማለት በቀርም ዓይኑ ከፍጥነቱ ላይ አይነሳም። ስለዚህ ያለፈው ዓመት ክዳን የሞተሩን ሙቀት ከሚያሳየው ስክሪን አጠገብ ይቆማል። ሙቀቱ ቀዩን መስመር ሲያልፍ እጁን ያነሳል፤ ጋርዝ እግሩን ያነሳል። ግልቢያው ይሰረዛል፣ መኪናዋ ግማሽ ሰዓት ትበርዳለች፣ እንደገና ትሞከራለች። እጁ ከፍ ብሎ መታየት ብቻ ነው ያለበት። ከክዳን የሚጠበቅ ሌላ ነገር የለም።

በመጀመሪያው ግልቢያ ሦስት መቶ አምስት። "ኧረ ታዝማኒያ!" አለ ሰማያዊ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። በሁለተኛው ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት፤ ሙቀቱ ሲወጣ፣ ጉልበቷ ሲወርድ እየታየ ነው፤ ግን አሁንም ከጃሮድ በላይ ናት። ኢዋን የሼዱ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ጥፍሩን ይበላል።

ሦስተኛው ተጀመረ። ጩኸቱ ደረት ውስጥ ይገባል። ጃሮድ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ሲዘል አየ። መስመሩ ጋ ደረሰ። አለፈ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ቁልፎቹን ይዞ። ካነሳው ትበርዳለች። ከበረደች ታልፈዋለች። ጋርዝ በመስታወቱ ወደሱ ገልመጥ አለ፤ እጅ አላየም፤ መልሶ ረገጠ። ቁጥሩ ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ጃሮድ ቁልፎቹን ጭብጥ አደረጋቸው።

ጧ!

ማኒኮቶው፣ የራዲያተሩ የውሃ ጎማ፣ ፈነዳ። የፈላ ውሃ ከኮፈኑ ሥር ተረጨ፣ ሼዱን እንፋሎት ሞላው፣ ሰው ሁሉ እየተጋፋ ወደ ውጭ ወጣ። ሞተሩ አንዴ ተንገጫገጨ፤ ብረት ብረትን ሲበላ የሚሰማ ድምፅ አሰማና ቀጥ አለ።

ጋርዝ ቡሹን ከጆሮው እየነቀለ ወረደ። "ክዳን! እጅህ የት ሄዶ ነው?"

"ስክሪኑ… ደርቆብኝ ነበር። አላየሁትም።"

ጋርዝ ስክሪኑን አየ፣ ጃሮድን አየ።  እንፋሎቱ ቀለል ሲል የዘይቱን መክደኛ ፈታ፤ ውስጡ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። "ውሃና ዘይቱ ተደባልቋል። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተጣሟል ማለት ነው።"

ኢዋን ኮፈኑ ላይ እጁን አሳርፎ ነበር። ያቃጥላል፤ አላነሳውም። "ይጠገናል?"

"ሌላ ሞተር ፈልግላት፣ የኔ ልጅ።"

"ስንት አወጣች?" አለ ሰማያዊ ከውጭ።

ጋርዝ ስክሪኑን ጠረገው። "ሁለት መቶ አርባ አንድ!"

ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ የጣሳ ኳኳታ። ሜዳሊያው ከሚስማሩ ወረደ። ማጥለቅ ያለበት የዓምናው ክዳን ነው፤ ጃሮድን ወደ ፊት ገፉት። ኢዋን ረጅም ስለሆነ ጎንበስ አለለት። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነበር፤ ከንፈሩ ብቻ እሺ አላለውም። ጃሮድ ፕላስቲኩን በጆሮዎቹ አሳልፎ አንገቱ ላይ አደረገለት።

"ከዛሬ ጀምሮ ክዳን ማን ነው?" ጮኸ ጋርዝ።

"ታዝማኒያ!"

"በል እንግዲህ ክዳን፣ ቋሊማው ይጠብቅሃል። ጃሮድ፣ አንተ ና፣ ቢራ ያዝ።"

ጃሮድ። በስሙ ነው የጠራው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ሼድ ውስጥ ያልተጠራ ስም ነው። ጃሮድ ጣሳውን ተቀበለ፤ ቅዝቃዜው እስከ ክርኑ ወጣ።

ኢዋን ጥብሱ ላይ ቆመ። ሥራውን ዝም ብሎ ያዘ፤ ቋሊማውን ያገላብጣል፣ ሽንኩርቱን ይሰበስባል፣ ዳቦው ላይ ያደርጋል፣ "የቲማቲም ድልህ ይጨመር?" ይላል። የታሰረችው መኪና ከጀርባው ውሃ ታንጠባጥባለች።

"እስቲ ንገረን ክዳን" አለ ሰማያዊ አፉን ሞልቶ፣ "ያንን የአውቶቡስ አልጋ ግዛ ያለህ ማን ነው? ጠላት አለህ እንዴ?"

ኢዋን ቀና አላለም። "ማንም። ራሴ ነኝ የመረጥኩት።"

ጃሮድ ቢራውን ዋጠ። ነገሩ አልቋል፤ ልጁ ራሱ ዘግቶለታል። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

ታምሲን ግን ሁለተኛ ብርጭቆዋን ጨርሳለች፤ ደግሞ ጥሩ ወሬ ይዛ ዝም ማለት አታውቅም። "ውሸታም!" አለች እየሳቀች። "ጃሮድ ነው እኮ ያስገዛው! በመስኮት እየሰማሁ። ልጁ ትንሹን ሊገዛ ነበር፤ ይሄ ሰይጣን 'ትልቁን ውሰድ' አለው። ልጁ እንደወጣ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? 'ሞተሩን ይቀቅልለታል' አለኝ!"

 ጃሮድ የታምሲንን አፍ በእጁ ሊይዝ የደረሰ ሰው መሰለ። ከዚያ ሰማያዊ ከማቀዝቀዣው ላይ ወደ ኋላ ወደቀ፤ በሳቅ። ጋርዝ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። "ስክሪኑ ደረቀብኝ ይለኛል ደግሞ! አንተ አረመኔ! አንተ ክፉ!" የጃሮድን ጀርባ በመዳፉ ደጋግሞ መታው፤ አባት ልጁን እንደሚመታ፣ በኩራት። "ለካ ጭንቅላት አለህ! ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቀኸን!"

ሰዉ መጥቶ ጨበጠው። አንዱ ጣሳ ሰጠው፣ ሌላው ራሱን አሻሸው። ታምሲን ክንዱ ሥር ገብታ ጉንጩን ሳመችው። ጃሮድ መጀመሪያ ለይስሙላ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ራሱ ያዘው፤ ከሆዱ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ዓይኑን ሲጠርግ ኢዋን ፊቱ ቆሞ ነበር። በአንድ እጁ ዳቦ ይዟል።

"ያንተ ቀርቶ ነበር" አለ። "ሽንኩርት?"

"እ… አዎ።"

ኢዋን ተመልሶ ሽንኩርት ጨመረበት፤ ያላረረውን እየመረጠ፣ ጊዜ ወስዶ። ድልሁን በቀጭኑ አፈሰሰና በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። ከዚያ የጋዙን ቁልፍ አዞረ፤ እሳቱ ጠፋ። መቆንጠጫውን አስቀመጠ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። በሰዎቹ መሃል አልፎ፣ መኪናዋን ሳያይ፣ በትልቁ በር ወጣ።

"በረዶ ሊያመጣልን ነው" አለ ሰማያዊ።

"ክዳን!" ጋርዝ ጠራው። "ሁለት ከረጢት አድርገው!"

ኢዋን አልዞረም። ካራቫኑ በስተቀኝ ነው፤ ሱቁም በስተቀኝ ነው። እሱ ወደ ግራ ታጠፈ፤ መኪኖች ወደሚከንፉበት ወደ ትልቁ አውራ ጎዳና፣ በዚያ ነፋስ፣ በእግሩ።